«ዝናቡ ቢቆምስ?»

በቦሌ አራብሳ ለነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ከዚህ ስትወጡ ከብሎኮቹ ማዶ ያልተነጠፈውን አፈር አንድ ጊዜ እዩልኝ። ጥቁር ነው። ክረምት ሲገባ ጫማ ይዞ አይለቅም፤ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቅና እጅ ያስገባል። ዋልካ የምንለው አፈር ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት፣ የታክሲ ሰልፍ የሚያዝበት ይህ ሜዳ እስከ ቅርብ ጊዜ እርሻ ነበር፤ ጤፍና ስንዴ ይዘራበት፣ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይበቅልበት ነበር። ብዙዎቻችሁ ቤት በዕጣ ደርሷችሁ የመጣችሁ ናችሁ። አባቱ ወይም አያቱ በዚሁ አካባቢ ያረሱ ሰውም በመካከላችን አይጠፋም። ከየትም እንምጣ፣ ወፍጮ ቤት ደርሰን የጤፍ ዋጋ ስንሰማ የምንደነግጠው አንድ ላይ ነው። ስለ ገበሬና ስለ ዝናብ ለመነጋገር አራብሳ እንግዳ ቦታ አይደለም።

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ ሠራተኛ ነው። በመዝገብ ስሙ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይባላል፤ ገጠር ያደጋችሁ «ዲኤ» ትሉታላችሁ። መንግሥትም ተመራማሪም ለገበሬው የሚሉት ነገር መጨረሻ ላይ የሚደርሰው በዚህ ሰው አፍ ነው። የአየር ንብረቱ እንዲህ በሚዋዥቅበት ዘመን ይህ ሰው ምን ተምሮ ገበሬው ደጃፍ መድረስ አለበት? ጥያቄዬ ይህ ነው፤ የመጣሁትም ከራሴ ስህተት ተነሥቼ ነው።

እኔም ዲኤ ነበርኩ። ኮሌጅ ጨርሼ የተመደብኩት ዝናብ አጠር በሚባል ወረዳ፣ ከአስፋልቱ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በሚወስድ ቀበሌ ነበር። ዕድሜዬ 21። ሰኔ ሲጠባ ከወረዳ ዕቅድ ተሰጠኝ፦ ይህን ያህል ኩንታል ማዳበሪያ፣ ይህን ያህል ምርጥ ዘር፣ ይህን ያህል አባወራ ዘርና ማዳበሪያን አንድ ላይ በያዘው ፓኬጅ። በቀበሌው ሁለት ጥማድ መሬት ያላቸው አንዲት እናት ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ገና ናቸው፣ መሬቱን የሚያርስላቸው ወንድማቸው ነው። ደጃፋቸው ያለች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም ጥማድ በምርጥ ዘር በቆሎ እንዲሸፍኑ፣ ማዳበሪያውንም በብድር እንዲወስዱ አስረዳኋቸው። በመስመር መዝራቱን፣ የመስመሩን ርቀት፣ ዩሪያው መቼ እንደሚጨመር፣ አንድም አላስቀረሁ። ጨርሼ ዝም ስል ጥቂት ቆዩና «ልጄ፣ ዝናቡ ቢቆምስ?» አሉኝ።

«አይቆምም፣ እማማ» አልኳቸው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቆመ። በቆሎው ጸጉር ማውጣት በጀመረበት ሰሞን ነው። በቆሎ ውሃ አጥብቆ የሚሻው ደግሞ ያን ጊዜ ነው፤ አበባና ጸጉር በሚያወጣበት ሁለት ሳምንት ከተጠማ አገዳው እንደ ቆመ ይቀራል፣ እሸቱ ግን ፍሬ አይይዝም። መስከረም ላይ አንዱን ልጬ አየሁት። እዚህ አንድ ፍሬ፣ እዚያ አንድ ፍሬ፣ መሃሉ ባዶ። ብድር መመለሻው ሲደርስ እናት ሁለት ፍየል ሸጡ። አልወቀሱኝም። በሚቀጥለው ሰኔ ደጃፋቸው ስደርስ ቡና አፈሉልኝ፣ የእናቴን ጤና ጠየቁኝ፣ ስለ እርሻ አንድም ቃል ሳያነሡ ሸኙኝ።

ይህን ነገር ለዓመታት ተሸክሜው ኖሬያለሁ። የእርሻ ትምህርት አልጎደለኝም፤ ስለ በቆሎ የነገርኳቸው ሁሉ ትክክል ነበር። ለዚያች አንዲት ጥያቄ ግን ማንም አላሠለጠነኝም። «አይቆምም» ማለት ውሸት ነበር፤ «ይቆማል» ብል ኖሮ እሱም ውሸት ነው። እውነተኛው መልስ «እማማ፣ በዚህ ቀበሌ ከ10 ክረምት በስንቱ ከነሐሴ አጋማሽ በፊት እንደቆመ አብረን እንቁጠር፤ ከዚያ ምን ያህሉን መሬት ለበቆሎ እንደሚሰጡ እርስዎ ይወስኑ» የሚል ነበር። የአየር ንብረት ስጋት ሥልጠና ስል ይህን መልስ መመለስ መቻልን ማለቴ ነው። ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር የሚተርክ አንድ ምዕራፍ ማስተማር በቂ አይደለም።

ለምን አልሠለጠንኩም? የሙያው አነሣስ ራሱ ይናገራል። የግብርና ኤክስቴንሽን በአገራችን የተጀመረው በ1940ዎቹ በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ነው፤ ከአሜሪካው ኦክላሆማ በመጡ መምህራን አጋዥነት፣ በአሜሪካ የእርሻ ኮሌጆች አሠራር። ኋላ ሥራው ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በስዊድን ርዳታ ጭላሎ ላይ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት መጣ፣ ወላይታ ላይ ዋዱ የተባለው ተከተለ። ከመሥራቾቹ መካከል ኖርማን ቦርሎግና ጂሚ ካርተር የሚገኙበት ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ፕሮግራም በ1985 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ፤ ገበሬው በገዛ ማሳው ግማሽ ሄክታር ላይ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በሙሉ ልክ ተጠቅሞ እንዲያይ አደረገ። ውጤቱ ዓይን የሚሞላ ነበርና መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ያንኑ ይዞ ወደ አገር አቀፍ ፕሮግራም አሳደገው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙ መልካም ነገር አለ፤ አላቃልለውም። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሮ ዘለቀ። ዲኤው መልስ ተሸካሚ ነው። መልሱ ከላይ ተዘጋጅቶ ይወርዳል፣ እሱ ያደርሳል።

መልሱ አንድ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚከተል በ1994 ዓ.ም. በዓይናችን አየነው። ሁለት መልካም የመኸር ዓመታት ተከታትለው ነበርና የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ፤ አንዳንዱ ገበሬ ማጨድ ራሱ ኪሳራ ሆኖበት በቆሎውን ማሳ ላይ ተወው። የማዳበሪያ ዕዳው ግን አልወደቀም። ዕዳ ያለበት ሰው በቀጣዩ ዘር ማዳበሪያ ይቀንሳል፣ ወይም ጭራሽ ይተዋል። በዚያው ዓመት ክረምት ዝናቡ ከዳ። በ1995 ዓ.ም. ርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ከጥጋብ ወደ ረሀብ አንድ ዓመት! ስጋት በሰማይ ብቻ እንደማይመጣ፣ በገበያም በዕዳም እንደሚመጣ፣ ሦስቱ ከተገናኙ ደግሞ ቤት እንደሚያፈርሱ ያ ዓመት አስተምሮናል። ዲኤ በሚሠለጥንበት ክፍል ሁሉ የ1994 ዓ.ም. ታሪክ ሙሉ ቀን ተሰጥቶት ሲወራ ማየት እመኛለሁ።

በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በብዛት የተከፈቱት። አላጌ፣ አጋርፋ፣ አርዳይታ፣ ሚዛን፣ ለአርብቶ አደሩ ገዋኔ፣ በአማራ ክልል ወረታና ኮምቦልቻ፣ ሌሎችም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ወጣት በዲፕሎማ ወጣ። ለአንድ ቀበሌ ሦስት ሦስት ተመደቡ፦ አንዱ በሰብል፣ አንዱ በእንስሳት፣ አንዱ በተፈጥሮ ሀብት። በሠራተኛ ብዛት ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ፊተኞች ተርታ ናት። የሚሄድ እግር አለን ማለት ነው። የሚይዘውን መልእክት እንመልከት።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት በየወቅቱ ዋዜማ ትንበያ ያወጣል። በሬዲዮ ስትሰሙት «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በታች» ይላል። ይህን ቃል ስንቶቻችን በትክክል እንደምንረዳው እስኪ እንፈትሽ። ለአንድ ቦታ የ30 ዓመት የዝናብ መዝገብ ይወሰዳል። ዓመቶቹ ከደረቁ እስከ እርጥቡ ይደረደሩና ከሦስት ቁና ይከፈላሉ፤ 10 ደረቅ፣ 10 መካከለኛ፣ 10 እርጥብ። መካከለኛው ቁና «መደበኛ» ይባላል። እንግዲህ የጎሬ መደበኛ ሌላ ነው፣ የቆቦ መደበኛ ሌላ ነው፤ የጎሬው መደበኛ ቆቦ ላይ ቢወርድ ጎርፍ ይባላል። ምንም መረጃ ሳይኖረን ብንቀመጥ የሚመጣው ክረምት ከሦስቱ ቁናዎች በአንዱ የመውደቅ ዕድሉ እኩል ነው፤ ለእያንዳንዱ 33 ከመቶ። ትንበያው የሚያደርገው ይህን እኩልነት ማዘንበል ነው። የውቅያኖሱን ሙቀት አይቶ፣ ዘንድሮን የመሰሉ ያለፉ ዓመታትን መርምሮ፣ ለምሳሌ ለእርጥቡ 45፣ ለመካከለኛው 35፣ ለደረቁ 20 ይላል።

ቁጥሩ ከአዲስ አበባ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ይወርዳል። በየደረጃው ሰው ያሳጥረዋል። ቀበሌ ሲደርስ «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» ሆኗል። 20ዋ የት ሄደች? መንገድ ላይ ቀረች። 20 ከመቶ ማለት ከ5 ክረምት አንዱ ማለት ነው። ለከተማ ሰው ትንሽ ቁጥር ትመስላለች፤ ለእኚያ እናት ሁለት ፍየል ናት። ደግሞም ያች አንድ ዓመት ስትመጣ «ሚቲዎሮሎጂ ዋሸ፣ ዲኤው ዋሸ» ይባላል፤ ትንበያው ግን አልዋሸም፣ 20 ብሎ ነበር። ዲኤው ከሠለጠነ ያችን 20 ሳይጥል ማድረስ ይችላል። አሥር ጠጠር ያነሣል፤ ሁለቱን ለብቻ ያስቀምጣል። «ይሄ ከመጣስ ምን ይዘናል?» ይላል። ይኸው ነው፤ የረቀቀ ሒሳብ አያስፈልገውም።

ሌላም አለ። አገሪቱ አንድ ሰማይ የላትም። ሰላማዊው ውቅያኖስ ሲሞቅ፣ ኤልኒኞ የሚሉት፣ የሰሜኑና የመካከለኛው ምሥራቅ የክረምት ዝናብ ይቀንሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይህ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ የምግብ ርዳታ የሚሻው ሰው 10.2 ሚሊዮን ተብሎ ተነገረ። ያው ኤልኒኞ ግን በመስከረምና በኅዳር መካከል ለሶማሌና ለቦረና ብዙ ጊዜ ዝናብ ያበዛል። ውቅያኖሱ ሲቀዘቅዝ፣ ላኒና የሚሉት፣ ይገለበጣል፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ቦረናና ሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ የከዳቸው ውቅያኖሱ በዚያኛው ጠባዩ በነበረበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ለሁሉም በአንድ ቋንቋ የሚላክ ምክር ለአንዱ ሲጠቅም ሌላውን ያጠፋል።

የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በከተማና በአስፋልት ዳር። የእኔ ቀበሌ አልነበረውም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የጣቢያዎቹን መዝገብ ከሳተላይት መረጃ ጋር አዋሕዶ ጣቢያ ለሌለው ቦታ ሁሉ ያለፉትን አሥርት ዓመታት ዝናብ የሚያሳይ ሥራ ተሠርቷል። ሥራውን ከመሩት አንዱ በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ቱፋ ዲንቁ ናቸው። ዘዴው ከእኛ ተነሥቶ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተጠቅመውበታል። ልኮራበት የምወደው ነገር ነው፤ የሚያሳዝነኝ ያ መረጃ ኮምፒውተር ውስጥ እንደተቀመጠ ብዙ ዲኤ መኖሩን እንኳ አለማወቁ ነው።

አሁን አንድ የሥልጠና ቀን ላሳያችሁ። የእንግሊዙ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው፣ በእኛም አገር ዲኤዎች የሠለጠኑበት ዘዴ አለ። የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። በወረቀቱ ላይ 30 ዘንግ ቆሟል፤ እያንዳንዱ ዘንግ የአንድ ዓመት የክረምት ዝናብ ነው፣ ረጅም ከሆነ ብዙ፣ አጭር ከሆነ ጥቂት። አንዲት ወጣት ዲኤ እስክሪብቶዋን ይዛ ለገበሬዎቹ ታስረዳለች። ዓመቶቹን ገና አልጠራችም። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ወረቀቱ ሄዱና ከሁሉም አጭሯ ዘንግ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «76 ናት፤ የ77ቱን ረሀብ ያመጣችው» አሉ። ነበረች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጅቱ ያኔ ገና አልተወለደችም።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የልጅቱ መሆኑ ቀረ። ገበሬዎቹ ራሳቸው ዓመቱን በሠርጉ፣ በልጅ ልደቱ፣ በከብት እልቂቱ እየጠሩ ከዘንጎቹ ጋር አስተያዩት። ቀጥሎ ልጅቱ ወረቀቱ ላይ አግድም መስመር አሰመረች፤ «ይህ በቆሎ የሚፈልገው ውሃ እስከዚህ ነው እንበል፤ ከመስመሩ በላይ ያለውን ዘንግ ቁጠሩልኝ»። 18 ተቆጠረ፣ ከ30ው። ከ10 ዓመት 6ቱ ይበቃዋል፣ 4ቱ አይበቃውም። ዝቅ ያለ ሌላ መስመር አሰመረች፤ ይህ ደግሞ ቶሎ ለሚደርስ ማሽላ። 25 ተቆጠረ። ማንም «ማሽላ ዝሩ» አላለም። አንዱ «እኔ ከብት አለኝ፣ ቢደርቅም አገዳው ይተርፈኛል፣ በቆሎውን አልተውም» አለ። ሌላዋ «እኔ የሚተርፈኝ የለም» አለች። የሁለቱም ውሳኔ ትክክል ነው። ስጋትን የሚችለው ትከሻ ይለያያል፤ ፓኬጁ ግን ትከሻ አይለይም።

በዚህ ወረቀት ፊት ብዙ ጊዜ የሚነሣ ክርክር አለ፤ ጥቂት ልቆይበት። ገበሬው «ዝናብ ቀንሷል» ይላል። መዝገቡን ስታዩ በብዙ የደጋና የወይና ደጋ ቦታዎች የክረምቱ ጠቅላላ ዝናብ ግልጽ የመቀነስ አዝማሚያ አያሳይም። ያልበሰለ ዲኤ «ተሳስታችኋል፣ ይኸው» ብሎ ወረቀቱን ያሳያል። ትልቅ ስህተት ነው። የአገሪቱ አማካይ ሙቀት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ ውስጥ በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። ሙቀት ሲጨምር ከአፈሩ የሚተነው ውሃ ይጨምራል። አፈሩም በጎርፍ ተልጦ ስስ ሆኗል፤ የወረደውን አይዝም። ዝናቡም መጠኑ ሳይጎድል በጥቂት ቀን ተጠራቅሞ ሊወርድ፣ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። ገበሬው የሚያየው ከሰማይ የወረደውን ሚሊ ሜትር ሳይሆን ሥር ዘንድ የደረሰውን እርጥበት ነው። ስለዚህ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። የሠለጠነ ዲኤ «መቼ ነው የቀነሰባችሁ? ሲገባ ነው፣ መሃሉ ላይ ነው ወይስ ሲወጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ከመልሱ ሥራ ይወጣል፤ ሲገባ ከሆነ የመዝሪያ ቀን ነው፣ መሃሉ ከሆነ ውሃ የሚያቁር የታሰረ ቦይ ነው፣ ሲወጣ ከሆነ ቶሎ የሚደርስ ዘር ነው።

የመዝሪያ ቀን ስል፣ በሙያው ብዙ ጊዜ የሚሠራበት አንድ መለኪያ አለ። በ3 ተከታታይ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበና በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥ 10 ቀን የሚደርስ ድርቀት ካላገኘው ክረምቱ ገብቷል ይባላል። ሁለተኛው ሁኔታ ነው ከባዱ። መጀመሪያ የጣለው ዝናብ አታልሎ ያዘራል፣ ከዚያ ይጠፋል፤ ዘሩ በቅሎ ይጠወልጋል። የዘር ዋጋ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ያለፈው መዝገብ በሰኔ መጀመሪያ የዘራ ሰው ከ10 ዓመት በስንቱ እንደተታለለ፣ ሰኔ ሚካኤልን አልፎ የዘራው ደግሞ በስንቱ እንደተታለለ ሊነግረን ይችላል።

ገበሬው ግን ባዶ እጁን እንደማይጠብቀን አደራ እንዳትረሱ። ራያ ቆቦ ወይም ሐረርጌ ሂዱ። ሚያዝያ ላይ ዝናብ ከጣለ ረጅም ጊዜ የሚቆየውን ማሽላ ይዘራል። ሚያዝያ ከከዳው ቶሎ የሚደርሰውን ይጠብቃል። ያም ካለፈው ሐምሌ ላይ ጤፍ። ጤፉም ካልሆነ ክረምቱ ሲወጣ በቀረችው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ። አራት በር ያለው ቤት ማለት ነው፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላውን ይከፍታል። የስጋት አስተዳደር ብለን በሥልጠና ሰነድ የምንጽፈውን ይህ ሰው ከአያቱ ተቀብሏል። የጎደለው ቀጣዩ በር ሲከፈት በእጁ ዘር መኖሩ ነው። ሰኔ ላይ አጭር ማሽላ ሲፈልግ መጋዘኑ በበቆሎ ተሞልቶ ያገኘዋል፤ ምክንያቱም የዘር ፍላጎት የተጠየቀው ዝናቡ ከመታወቁ ከብዙ ወራት በፊት ነው። የምርምር ማዕከሎቻችን እኮ አልተኙም። መልካሳ ቶሎ የሚደርሱ የማሽላና የበቆሎ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ ደብረ ዘይት ለዝናብ አጠር አካባቢ ቦሰት የተባለውን ጤፍ አውጥቷል። የወሎንኮሚው ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ድርቅንና አቀንጭራ የሚባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በ2001 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት አሸናፊ ተብለዋል። ዲኤው ከነዚህ ዝርያዎች ጋር የገበሬውን ሐሳብም ማወቅ አለበት። ረጅሙ ማሽላ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶ፣ ለቤት ክዳን ነው፤ አጭሩ እህል እንጂ አገዳ የለውም። «ምርጡን እንቢ አለ» ከማለት በፊት ይህን መጠየቅ ያሻል።

ስለ ዝናብ ኢንሹራንስ ባጭሩ ልናገር። በ2001 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ዓዲ ሓ በምትባል መንደር 200 ቤተሰብ ለጤፋቸው የዝናብ መድን ገቡ። ገንዘብ የሌለው በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ጉልበቱን ከፍሎ መግባት ቻለ፤ ድሀን ያልዘለለ አሠራር ነው፣ እወደዋለሁ። ካሳው የሚሰላው ማሳ ታይቶ ሳይሆን ሳተላይት በሚለካው ዝናብ ነው፤ ስለዚህ ርካሽና ፈጣን ነው። ችግሩም ከዚያው ይመነጫል። ሳተላይቱ ዘንቧል ሲል የአንዱ ማሳ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ዓረቦን ከፍሎ፣ ሰብሉን አጥቶ፣ ካሳ ሳያገኝ ይቀራል። ይህን ቀድሞ በግልጽ ያልነገረ ዲኤ ደላላ ሆኗል፤ ነግሮ ገበሬው አውቆ ከገባ ግን መካሪ ነው።

እዚህ ላይ የሚከብደኝን ነገር ልናገር። ዲኤን በጥሩ ሁኔታ አሠልጥነን ወደዚያው አሮጌ ሥራ ከመለስነው ሥልጠናው በሦስት ወር ይረግፋል። ዲኤው ማዳበሪያ ያከፋፍላል፣ ብድር ያስመልሳል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ሪፖርት ይሞላል። ሲገመገም የሚጠየቀው ስንት ኩንታል እንዳሠራጨ ነው። እኔ ያን ጊዜ ለእኚያ እናት «አንዱን ጥማድ በበቆሎ፣ ሁለተኛውን በሚያውቁት ማሽላ ያድርጉት፣ ብድሩንም በግማሽ ይውሰዱ» ብላቸው ኖሮ ቤታቸው ይተርፍ ነበር፤ የእኔ ዕቅድ ግን ይጎድላል፣ በግምገማም እጠየቅበታለሁ። ሥልጠናው የወረዳ ኃላፊውንም መጨመር አለበት የምለው ለዚህ ነው። «ስንት አከፋፈልክ?» የሚለው ጥያቄ ባይቀር እንኳ «ስንቱ ገበሬ ዝናቡ ቢቆም ምን እንደሚያደርግ ያውቃል?» የሚል ጥያቄ አብሮት ይቀመጥ።

ሥልጠናው በሦስት ቀን አዳራሽ ተጀምሮ በአበል ፊርማ የሚያልቅ ከሆነም አይጠቅምም። ዲኤዎቹ ከክረምቱ በፊት ወረቀቱን ይዘው ይቀመጡ፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ እንዴት እንደገባ አይተው ይመለሱ፤ እህሉ ከተወቃ በኋላ ደግሞ የተወሰነውንና የሆነውን ያስተያዩ። ዲኤ የሚበስለው በዚህ ሦስተኛው ቀን ነው። ወደ ስብሰባ የማይጠሩትን ሴቶችም ያስቡ፤ እኚያን እናት ያገኘኋቸው ቤታቸው ስለሄድኩ ነው፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም። ስልክ ያግዛል። በ2006 ዓ.ም. በተጀመረው የገበሬዎች የስልክ መስመር 8028 በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች ደውለዋል፤ በራሳቸው ቋንቋ ምክር ይሰማሉ። ሆኖም «ዝናቡ ቢቆምስ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ፊቱን አይቶ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል።

ወደ አራብሳችን ልመለስ። ከተማችንም የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ኮሚሽን አላት፤ ባለሙያዎቹ በየግቢው ጎመንና ዶሮ የሚያሳድጉትን ይጎበኛሉ። እናንተም በማዳበሪያ ጆንያ ቆስጣ የተከላችሁ አላችሁ። የእኛ ስጋት ሌላ መልክ አለው፤ ውሃ በፈረቃ መሆኑ፣ ከሲሚንቶው የሚመለሰው ሙቀት፣ በአንድ ሰዓት ወርዶ ችግኙን የሚያጥብ ዶፍ። ቦሌ ኤርፖርት ላይ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ አለ፤ ግን ቦሌ ዘንቦ አራብሳ ደረቅ የሚሆንበት፣ እዚህ ወርዶ እዚያ ጠብታ የማይወርድበት ቀን እንዳለ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ለዚህ ነው ይህን ይዤ የመጣሁት። ተራ የፕላስቲክ ዝናብ መለኪያ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ካነበባችሁ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ወርዷል ማለት ነው። ከሕንፃ መራቅ አለበት፤ ቢያንስ የሕንፃውን ቁመት ሁለት እጥፍ፤ ለባለ አራት ፎቁ ብሎካችን 30 ሜትር ገደማ ይሆናል። በሁለት ብሎክ መካከል አይሆንም፤ ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ክፍት ቦታ ይበቃል። የሚነበበው እንደ ጣቢያዎቹ ሁሉ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ካልዘነበም 0 ተብሎ ይጻፍ፤ ክፍት ከተተወ ደረቅ ቀን ይሁን የተረሳ ቀን በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም። ከልጆቻችሁ ሁለት ሦስቱ ተራ ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል። ደብተሩ ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የነገን ቀን ጽፌበታለሁ።